ፊን፣ የዴቭ ዋርዴል ባልደረባ
ፎቶግራፍ፤ እንግሊዝ

ፊን የጀርመን ሸፐርድ ዝርያ ያለው የሃርትፎርድሺር ፖሊስ ውሻ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2016 ሌሊት፣ በስቲቭኔጅ ከተማ፣ ከፖሊሱ ከዋርዴል ጋር ሆኖ ሲያሳድደው የነበረ ተጠርጣሪ ቢላዋ መዘዘ። ስለቱ የፊንን ደረት ዘልቆ ሳንባውን በሳው። ዳግም ወደ ዋርዴል ሲሰነዘር ፊን መሃል ገባ፤ ጭንቅላቱ ላይም ቆሰለ። ደሙ እየፈሰሰ እንኳ ሰውየውን አልለቀቀም።

ከረጅም ቀዶ ሕክምና በኋላ ድኖ በ11 ሳምንት ሥራው ላይ ተገኘ። የሚያንገበግበው ሌላ ነው፦ በእሱ ላይ የደረሰው ጉዳት በሕግ ፊት የተቆጠረው እንደተሰበረ መስኮት፣ እንደ ንብረት ጉዳት ነበር። ዋርዴል ዝም አላለም፤ ለባልደረባው ተሟገተ። እንደ ፊን ያሉ የአገልግሎት እንስሳትን የሚጠብቀው «የፊን ሕግ» የሚባለው ድንጋጌ በእንግሊዝና በዌልስ ከጁን 8 ቀን 2019 ጀምሮ ይሠራበታል።