የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ስለሚመረምር ተማሪ

የሀገራችንን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ሊመረምር የተነሣ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የቋንቋ ነገር ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በራስ መኰንን ድልድይ ወደ አራዳ ስንሻገር በዚህ ጉዳይ ደጋግመን ተነጋግረናል።

አራዳ ራሷ ከዚያ ዘመን ጋር ዝምድና የላትም። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1886 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ ፒያሳ የሚለውም ስም የጣልያን ቃል ነው። ነገር ግን በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ግዕዝ ዐዋቂዎች፣ በኒ በሚባለው በኑር መስጊድ ደግሞ ዐረብኛ የተማሩ ሰዎች አይታጡም።

ሁለቱም የሚያስፈልጉበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በ1529 ዐፄ ልብነ ድንግል ሽምብራ ቍሬ ላይ በኢማም አሕመድ ጦር ድል ሆኑ። የግዕዙ ዜና መዋዕል ነገሩን በአጭሩ ያልፈዋል፤ የተሸነፈ ወገን ስለ ሽንፈቱ ማብዛት አይወድምና አያስደንቅም። የሺሃቡዲን ‹‹ፉቱሕ አል ሐበሻ›› ግን የሰልፉን አኳኋንና የአዝማቾቹን ስም እየዘረዘረ ይተርካል። ለንጉሡ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 የሚበልጥ እግረኛ፣ ለኢማሙ ግን 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ብቻ ይሰጣል። ይህ የድል አድራጊ ቍጥር ነውና በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዐረብኛውን ያላነበበ ስለ ውጊያው የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ዐረብኛውን ብቻ ያነበበም ቍጥሩን እንዳለ ይቀበላል።

ቀድሞ ይህ ትምህርት በውጭ አገር የሚፈለግ ነበር። ታደሰ ታምራት በ1968፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 የዶክቶር ማዕረጋቸውን ያገኙት ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከ1978 ወዲህ መንገዱ አጥሯል። ቋንቋው ግን አላጠረም። የግዕዝ ሰዋስው በደንብ የሚገኘው ከቅኔ ቤት ነው፤ ቅኔ ቤትም ዓመታት ይወስዳል። ለማስተርስ የተሰጠን ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው! ስለዚህም ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ሽማግሌ ጠይቀው ሊጽፉት የሚችሉትን የቅርብ ዘመን ታሪክ ይመርጣሉ። አንፈርድባቸውም፤ እኛም ራሳችን አመንትተን ነበር።

የምንጠይቀው አንድ የዝግጅት ዓመት እንዲጨመርልን፣ ለዚያም ዓመት አንድ የቅኔ መምህርና አንድ የዐረብኛ መምህር ከአራዳ ወደ ክፍላችን እንዲጠሩልን ነው። መንገዱ በእግር የሚደረስበት ነው።