የሚጸልዩ ነገሥታት፣ የማይጸልዩ ሊቀመንበር፣ እና ሳይንስ

በስምንተኛ ክፍል ስለ ኮሌራ ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ በፈጣሪ የሚያምን መሪ ሳይንስ ይቀበላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም። በ2024 ኮሌራ ከሰላና ገዳሪፍ ገብቶ በአፍ የሚሰጠው ክትባት ሲመጣ፣ በካምፓችን «ጸበሉ ይበቃናል»፣ «ዱዓ ካለ ምን እንሆናለን» ብለው ልጆቻቸውን የደበቁ ወላጆች ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ትንሽ የተማርን ሰዎች ሃይማኖተኛውን ሁሉ ኋላ ቀር እያልን የምንስቅ አለን። ስለዚህ ጥያቄው መልስ ያስፈልገዋል። መልሱን ከአገራችን መሪዎች ታሪክ እንፈልገው ብለን ነው ይህን የምንጽፈው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከዚህ ከገዳሪፍ ብዙም ከማይርቀው ከቋራ የተነሱት አፄ ቴዎድሮስ (1855–1868) አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ይሁንና የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። የኦርቶዶክስን ምእመን ከሃይማኖቱ እንዳያስወጡ ከለከሏቸው፣ እጃቸውን ግን ፈለጉት። ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የዚያ ውጤት ነው። ሳይንስን ወደዱ ወይስ መድፉን ብቻ? እኛ ወደ መድፉ እናደላለን።

የአፄ ምኒልክ ነገር ግን ሰፋ አድርጎ መታየት አለበት። ስልክ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ካህናቱ «ሰይጣን ነው የሚናገረው» ብለው ይነቀል አሉ፣ ንጉሡም እምቢ አሉ እየተባለ ይተረካል። ከስልኩ ይበልጥ ከባድ የነበረው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። አቡነ ማቴዎስና ሌሎች የቤተ ክህነት ሰዎች የአውሮፓ መምህር ከፊደሉ ጋር ካቶሊክነትን ወይም ፕሮቴስታንትነትን ያስገባብናል ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ የሱስንዮስ ዘመን ደም ገና አልተረሳም። ታዲያ ምኒልክ ምን አደረጉ? ሃይማኖታቸውን አልተዉም፣ ጳጳሱንም አላባረሩም። ከግብፅ የኮፕት ክርስቲያን መምህራንን አስመጡ። አቡኑ ራሳቸው ግብፃዊ ስለነበሩ ከዚያ ወዲያ ምን ይበሉ? በ1908 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ የመኳንንት ልጆች የውጭ ቋንቋና ሂሳብ መማር ጀመሩ። ከዓድዋ በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሞቹ ኦርቶዶክሶች መሆናቸው ሕዝቡ እንዲቀርባቸው ሳይረዳ አልቀረም። እንዲህ ዓይነቱ ድርድር ጊዜ አባክኗል የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ወላጅን ለማሳመን ከድንኳን ድንኳን የዞርን ሰዎች ስለሆንን የምኒልክን ዘዴ አንንቅም።

ስለ ክትባት ካነሳን አይቀር፣ ዘመናዊው መርፌ ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስደው ጤነኛውን ይከትቡ ነበር። ክታብና ክትባት የሚሉት ቃላትም ጎን ለጎን የሚቆሙ ናቸው፣ አስቡት። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ በ1971 «ሥዩመ እግዚአብሔር» በሚባሉት ንጉሥ ጊዜ ተጀመረ፣ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው ደግሞ በ1976 በደርግ ጊዜ ነው። ከታቢዎቹ ተራራውን በእግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ መንግሥት ተለወጠባቸው፣ ሥራው ግን ቀጠለ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው እምነት የሌለው መሪ ለሳይንስ ይሻላል» የሚል ካለ አንድ የሩሲያ ታሪክ እንንገረው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ከገበሬዎቻችን ማሳ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። አገሩ ሲመለስ ግን እግዚአብሔር የለም የሚለው የስታሊን መንግሥት ሊሴንኮ የሚባለውን ሰው ሰማ። የሊሴንኮ ሐሳብ ከፓርቲው እምነት ጋር ይስማማ ነበርና። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፣ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የዓለምን እህል ሲሰበስብ የኖረው ሰው በረሃብ ተጎድቶ ነው የሞተው። በ1948 ደግሞ የዘር ውርስ ሳይንስ ራሱ ተከለከለ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1973 ወሎ ሲራብ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሄደው አይተው፣ ፎቶግራፍ አንስተው ግቢ ውስጥ አሳዩ። ሃይማኖተኛው የንጉሡ መንግሥት ግን ነገሩን አዳፈነ። ደርግ በ1974 ንጉሡን ሊያወርድ ዋዜማ የረሃቡን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን ያሳየው ለዚህ ነው። ጥሩ። ታዲያ በ1984ስ? ያን ጊዜ «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም» በየትምህርት ቤቱ ይነበብ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ዝናቡ እንደቀረ፣ ሰው እንደሚያልቅ አስቀድሞ አስጠነቀቀ። ቁጥር ነው፣ ዝናብ ነው፣ የእህል ስሌት ነው፤ ከዚህ በላይ ሳይንስ የለም። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን በመስከረም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የሠራተኛውን ፓርቲ ምሥረታ በዓል እያዘጋጁ ነበር፣ አዲስ አበባም በቀይ ባንዲራ አሸበረቀች።

ከዚያ ረሃብ የሸሸው ሕዝብ ወዴት እንደመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። ገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ ያን ጊዜ በኢትዮጵያውያን ተሞላ። በ2020 መጨረሻ ያው ካምፕ እንደገና ሲከፈት አንዳንድ አዛውንቶች ቦታውን አወቁት።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ከነገርን በኋላ ያው ተማሪ እንደገና ተነሳ። «በ1984 ረሃብ ይመጣል ብለው የጻፉት ሰዎች ምን ሆኑ?» አለ። የኮሚሽኑ ኃላፊ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፣ እሳቸውም የዚያው መንግሥት ሰው። በ1985 ለሥራ እንደወጡ ውጭ አገር ቀሩ።

«ስደተኛ ሆኑ ማለት ነው?» አለን።

አዎ አልነው።