ከሰባተኛው ሳምንት በፊት

እቴቴ የምላት አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችው በተወለደ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ልቡ ሲፈጠር ጀምሮ ጉድለት ነበረበት። ስኳር በሽታ የያዛት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሲሆን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። የእርግዝና ክትትል የጀመረችው በአራተኛ ወሯ ነው፤ ከጀመረች በኋላ ግን አንድም ቀጠሮ አላሳለፈችም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ቡናው ሲቀዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጣፋጭ አብዝታ ይሆናላ» ተባባሉ። እኔም ሰማሁ፤ እሷም ሰማች። እቴቴ ሻይ በስኳር ስትጠጣ አይቻት አላውቅም።

«ግን ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ ከአፏ አልጠፋም። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የሕክምናውን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ዓይናቸውን የተከሉት በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ገና በደጃፉ ላይ ነው።

ከኢንሱሊን በፊት ጥያቄው ራሱ ብዙም የሚነሳ አልነበረም። በልጅነቷ ስኳር የያዛት ሴት ለመውለድ ሳትደርስ ትሞታለች። ጥቂት ያረገዙትንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1882 ማቲውስ ደንካን የተባለ የማህፀን ሐኪም ለንደን ላይ ታሪካቸውን ሰብስቦ ሲያቀርብ የአብዛኛው ፍጻሜ ሞት ነበር፤ ወይ የእናት፣ ወይ የልጅ፣ ወይ የሁለቱም። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። ዓለም የሚያስታውሰው የእሱን መትረፍ ነው። ከእሱ ጀርባ ግን ሌላ ትውልድ ቆሞ ነበር፦ በኢንሱሊን ተርፈው፣ አድገው፣ አግብተው ልጅ የሚመኙ ሴቶች። እነዚህ እናቶች ከሞት ተረፉ። ልጆቻቸው ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት፣ ማህፀን ውስጥ እንዳሉ ይሞቱ ነበር።

እነሱን ሥራዬ ብላ የያዘቻቸው ፕሪሲላ ኋይት ናት። በ1924 ቦስተን ከሚገኘው ከኤሊዮት ጆስሊን ክሊኒክ ገብታ ዕድሜዋን ለዚህ ሰጠች። በ1949 እርጉዝ እናቶችን ስኳሩ በያዛቸው ዕድሜ፣ በቆየባቸው ዘመንና በደም ሥሮቻቸው ጉዳት በፊደል መደበቻቸው፤ ምደባዋ በስሟ ተጠርቶ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስኳሩን በጥብቅ መከታተልና ፅንሱ ከመሞቱ በፊት ቀደም አድርጎ ማዋለድ የእሷ መንገድ ነበር። ብዙ ልጆች ተረፉ።

ግን ሌላም ነገር አደረገች። ችግሩ የሆርሞን መዛባት ነው ብላ ስላመነች ለእናቶቹ ሆርሞን ትሰጥ ነበር፤ ከሰጠቻቸውም አንዱ ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል ነው። በ1971 እዚያው ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ይህ መድኃኒት ማህፀን ውስጥ ሳሉ የደረሳቸው ሴቶች ልጆች በወጣትነታቸው ያልተለመደ የብልት ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችል አሳዩ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ማዳን የፈለገ እጅም ሊሳሳት ይችላል ለካ።

በሌላ በኩል ኮፐንሃገን ውስጥ ዮርገን ፔደርሰን ዛሬም የሚያስኬድ ማብራሪያ አቀረበ። የእናትየው ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ኢንሱሊኗ ግን አይሻገርም። ስኳር የጎረፈበት ፅንስ ታዲያ የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፤ ይወፍራል፤ ሲወለድና የእናቱ ስኳር ሲቋረጥበት ደግሞ የደሙ ስኳር በድንገት ይወርዳል። የልጆቹ ግዝፈት በዚህ ተፈታ።

የአካል ጉድለቱስ? በ1964 እነ ፔደርሰን የስኳር ሕመምተኛ እናቶችን ሕፃናት ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽሩ ጉድለቱ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ልብ ላይ፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ላይ፣ አንዳንዴም የታችኛው የአከርካሪ ክፍል ሳይሟላ መቅረት። የፅንሱ ቆሽት ግን ኢንሱሊን ማመንጨት ሳይጀምር እነዚህ አካላት መሠረታቸው ተጥሏል። ስለዚህ ያ ማብራሪያ እዚህ ላይ አይደርስም።

መልሱ የመጣው ቀን በመቁጠር ነው። በ1979 ተመራማሪዎች እያንዳንዱ ጉድለት ፅንሱ በየትኛው ሳምንት ላይ ሳለ ብቻ ሊፈጠር እንደሚችል አሰሉ። ሁሉም ከሰባተኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ሆነ። አንዲት ሴት «ወር አበባዬ ቀረ እንዴ?» ብላ ጣቷን በምትቆጥርበት ጊዜ ማለት ነው። በ1981 ደግሞ የኋይት ቤት ከነበረው ከጆስሊን ክሊኒክ ሌላ ማስረጃ ወጣ። ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የስኳር መጠን ያሳያል፤ ደም የራሱን ማስታወሻ ይይዛል እንደማለት። በእርግዝናቸው መጀመሪያ ይህ ቁጥር እስከ 8.5 በመቶ ከነበረ እናቶች መካከል ከባድ ጉድለት ያለበት ልጅ ያጋጠማቸው 3.4 በመቶ ናቸው። ከዚያ በላይ ከነበሩት ግን 22.4 በመቶ።

ጉዳዩን ወደ ተስፋ የመለሱት የምሥራቅ ጀርመኗ ካርልስቡርግ ሐኪሞች ናቸው። በ1983 እነ ፉርማን ባወጡት ጥናት፣ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምሮ ስኳራቸውን በጥብቅ ከተቆጣጠሩ 128 እናቶች ልጆች ጉድለት የተገኘበት አንድ ብቻ ነው። ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ከመጡት 292 ግን 22። ቀድመው የሚመጡ ሴቶች በሌላም ነገር የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ግን እንዲህ ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

በ1989 የአውሮፓ ሐኪሞችና ሕመምተኞች ጣልያን ሴንት ቪንሰንት ላይ ተሰብስበው የስኳር ሕመምተኛ እናት የእርግዝና ውጤት ከሌሎች እናቶች ጋር እንዲቀራረብ ግብ አስቀመጡ፤ የሰጡትም አምስት ዓመት ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2002 እና 2003 በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ስለተወለዱት ሲጠና ጉድለቱ ገና ሁለት እጥፍ ነበር። እውቀቱ ቀድሞ ደርሷል፤ ሰው ጋ የሚያደርሰው መንገድ ነው የዘገየው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። አንደኛ፣ ስኳር ካለባቸው እናቶች የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ናቸው። ሁለተኛ፣ በእርግዝናው አጋማሽ የሚጀምር ስኳር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የልጁ አካል ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ታሪክ በዋናነት የሚመለከተው ከእርግዝናው በፊት ስኳር የነበረባትን ሴት ነው።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ ልንገራት አልንገራት ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከጣፋጩ ሐሜት ነፃ ያወጣታል። ግን «ቀደም ብለሽ ብታውቂ ኖሮ» የሚል ሌላ ሸክም ይጭንባታል። በመጨረሻ ነገርኳት።

«ስኳሩ ነዋ እንግዲህ» አለች።

«ስኳሩ ነው። ግን የበላሽው አይደለም። ደግሞ ክትትል ስትጀምሪ ልቡ ተሠርቶ አልቆ ነበር።»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «በየወሩ መድኃኒት ልወስድ እሄድ አልነበር?» አለችኝ። «ማግባቴን ያውቃሉ። ቀለበቴን ያያሉ። አንድ ሰው እንኳ ‹ልጅ መውለድ አስበሻል ወይ?› ብሎ አልጠየቀኝም።»