ዜና መዋዕል ዘሰንጠረዥ፣ በመካኒሳ የተጻፈ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የሰንጠረዥን ዜና፣ ደግሞም ጨዋታውን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በመካኒሳ፣ ከተኛበት ያስነሡትን የጌታዬን ሥራ እጽፍ ዘንድ ጀመርሁ። ጌታዬ ስማቸው እንዲጠቀስ አልወደዱም፤ ትሕትናቸው ብዙ ነው። ቀዩን ጨርቅ፣ የቀንድ ሠራዊታቸውንና የእሑድ ድላቸውን ግን አንዱንም ሳላስቀር እንድጽፍ አዘዙኝ። ወረቀቱንም ቡናውንም የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸውና እነሆ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ነገሥታቱ። በ1523 እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ቬኒስ ወርዶ አሌሳንድሮ ዞርዚ ለተባለ ጠያቂ የአገሩን ነገር ሲያወራ፣ ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤት እንዳለ፣ ንጉሡም እጅግ ወድደውት ሰንጠረዥ አብረው እንደሚጫወቱ ነገረው። ማን ያሸንፍ እንደነበር መነኩሴው አላወራም። ከንጉሥ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ያለውን አያወራም። በመጋቢት 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ፣ በዛሬው ሞጆ አጠገብ፣ ንጉሡ ጦርነት ገጥመው እግዚአብሔር የፈቀደው ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ንጉሡ ጨዋታ አንሰማም።

ወእምዝ ብዙ ዘመን እንደ ሰንጠረዥ ፊል ዘልለን በእንደርታ እናርፋለን።

በ1797 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሄንሪ ሳልት የተባለ እንግሊዛዊ ከትግሬው ጌታ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ መጣ፤ በ1802 ዓ.ም. ደግሞ ተመለሰ። ራስ በእንደርታ ተቀምጠው ሩቅ የሚፈሩ፣ ንጉሥ የማንገሥ ነገር ሲነሣ ሳይጠየቁ የማይታለፉ ሰው ነበሩ። ሰንጠረዥም ይወዱ ነበር። ሳልት እንዳየው መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራውን ሰው የሚበላ ተጫዋች በሁለት ጣት ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይጮኻል፤ መኳንንቱ ብቻ ሳይሆኑ ባሮቹም ሳይቀሩ ምክር ይሰጣሉ። ይህ ሁሉ ተመክሮ፣ ይህ ሁሉ ተጩሆ ሲያበቃ፣ የሚያሸንፉት ሁልጊዜ ራስ ነበሩ። ሳልት ይህን የተጫዋቾቹ ብልሃት አድርጎ ጽፎታል። እኔ ግን የራስ ችሎታ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ጌታዬም እንዲህ ይሻላል ብለዋል።

ራስ ወልደ ሥላሴ በ1808 ዓ.ም. ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሕጉን ከነዝርዝሩ ያቆየልን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የሞተው ዋልተር ፕላውደን ነው። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ በሰማያዊ ጥብጣብ 64 ቤት ይከፈላል፤ ቤቶቹ እንደ ፈረንጅ ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደሉም። ንጉሥ አለ፤ በአጠገቡ ፈርዝ ይቆማል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሰው ዘልሎ ከወዲያ ያርፋል። ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ቼዝ ናቸው። መደቅ የሚባለው እግረኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ አንድ ቤት ይራመዳል፤ ጦርነቱን ሁሉ አልፎ ዳር ቢደርስ ግን፣ ሳልት እንደጻፈው፣ ሹመት የለውም።

የጨዋታው ክብር ወረራው ነው። ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እጃቸው እንደቻለ ሰው ያወጣሉ፣ ያሰልፋሉ፤ የባላጋራቸውን አሰላለፍ አይተው የራሳቸውን ይመልሳሉ፣ እንደገና ይልካሉ። አንዱ የሌላውን ሰው እስኪበላ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። በዚህ ምክንያት መክፈቻ በቃሉ አጥንቶ የመጣ ሰው በሰንጠረዥ ላይ ምንም አይጠቀምም። የፕሩሲያ መኮንኖች በ1824 እ.ኤ.አ. በራይስቪትስ ሕግ ጦርነትን በካርታና በዳይስ ጠረጴዛ ላይ ሲጫወቱ፣ ሁለቱ ወገን በአንድ ጊዜ እንዲንቀሳቀስ ከመካከል ዳኛ አስቀምጠው ነበር። የእኛዎቹ ያለ ዳኛ ይችሉት ነበር። ዳኛ ቢኖርስ በራስ ላይ ማን ይፈርድ ነበር?

ማሸነፍም ወግ አለው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መዝጋት ከጨዋ አይጠበቅም። በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ የዘጋ ይመሰገናል። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይዘጋም። ከንጉሡ ጋር አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ እንደሆነ፣ ያ ሰው ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድሉ ይቀራል። ጌታዬ ይህን ሕግ በቀይ ቀለም አጽፈው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ስለ ሸዋ ቤት ደግሞ። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት፣ በወጨጫና በፉሪ ሰፍረው ነበር። ፉሪ ከጀሞ ቀና ሲሉ የሚታየው ተራራ ነው። ሰንጠረዥ በዚያ ድንኳን ተዘርግቶ ነበር ብዬ እንድጽፍ ጌታዬ ወደው ነበር፤ ነገር ግን በቤቱ ሰንጠረዥ አዋቂ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ከንጉሡ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም.፣ ሰፈሩ ወደ እንጦጦ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ፉሪን ተውሁት። ክፍለ ከተማችን ሌላ ክብር አያጣም።

እቴጌ በገና ይደረድሩ ነበር፣ ግጥም ይገጥሙ ነበር፣ ሰንጠረዥም ያውቁ ነበር። በታኅሣሥና በጥር 1888 ዓ.ም. የሆነውን የሚያነብ ሰው ይህን ያስታውስ። የጣሊያኑ ማጆር ጋሊያኖ ከ1,000 የሚበልጥ ወታደር ይዞ በመቀሌ፣ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ገብቶ ነበር። ምሽጉ ብርቱ ነበርና በግንባር የሄደበት ሠራዊት ብዙ ሰው አጣ። ከዚህ በኋላ ከምሽጉ ውጭ ያለውን ምንጭ መያዝ ይሻላል የሚለው ምክር ከእቴጌ ዘንድ ወጣ፤ የራሳቸውንም ሰዎች ሰጡ። ምንጩ ተያዘ። በምሽጉ ውስጥ ውኃ በልክ ይሰፈር ጀመር፣ ልኩም ዕለት ከዕለት አነሰ፣ ከብቱም አለቀ። መድፍ ያላንበረከከውን ምሽግ ጥም አንበረከከው፤ በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። ደር አልተነሣም፣ ፈረስም አልጋለበም። ጌታዬ ይህን ገጽ ሲያነቡ ሁልጊዜ ጣታቸውን አንሥተው «በመደቅ!» ይላሉ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ አልደግመውም።

በ1913 እ.ኤ.አ. ሦስት ነገር ሆነ። ሃሮልድ መሪ የተባለው እንግሊዛዊ የዓለምን የቼዝ ታሪክ በትልቅ መጽሐፍ ሲያወጣ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ከነወረራው አስገባው። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በቤቱ ወለል ላይ ትንንሽ ወታደር አሰልፎ፣ በመጫወቻ መድፍ እንጨት እየተኮሰ የሚጫወተውን ጦርነት ሕግ አውጥቶ አሳተመ፤ ዛሬ በየአገሩ ትንንሽ ወታደር ቀለም እየቀቡ ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጉ ሰዎች ከአባቶቻቸው አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ሰንጠረዥ ከሰሌዳው ተነሣ። ያጠፋው ፋሺስት ነው ይባላል፤ እኔም እንዲሁ ጻፍሁ። ገበጣንና ዳማን ግን አላጠፋም።

ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ሰብስቦ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አወጣ። የገበጣን ዓይነትም ከመቶ በላይ ቆጥሮ ጻፈ። የእንግሊዝ ሰው ሆኖ ሳለ በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሲያርፍ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ጌታዬ የሰንጠረዡን ጽሑፍ ባያገኙ ኖሮ ይህ ዜና መዋዕል ባልተጻፈም ነበር።

ወእምዝ ወደ ጌታዬ መንግሥት እንመጣለን። የዝሆን ጥርስ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሠራዊታቸውን ከበሬ ቀንድ አሠሩ፤ ቀንዱ ከቄራ መጣ፣ ዋንጫ የሚሠራ ባለሙያም ቀረጸው። ሁለቱ ወገን እንዲለይ ግማሹ ነጣ ካለው ቀንድ፣ ግማሹ ከጥቁሩ ሆነ። ከፊሎቹ አንዱ ሲሠራ ተሰንጥቋል፤ ይህም የጦርነት ጠባሳ ነው ተባለ። ቀዩ ጨርቅ ከመርካቶ ተገዛ፣ ጥብጣቡን እመቤቴ ሰፉት። እመቤቴ ስለዚህ ጥብጣብ የተናገሩት ቃል ለዚህ መጽሐፍ አስፈላጊ አይደለም።

ከዚህ በኋላ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ጨርቁ ይዘረጋ ጀመር። ከጎፋ አንድ ጡረተኛ መምህር ይመጣሉ፤ ከሳር ቤት ባለሱቁ ይመጣል፤ እኔም አለሁ። ጌታዬ በወረራ ጊዜ እንደ ንብ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ሁለቱን ፈረሶች አውጥቶ ሳይጨርስ መደቆቹ ተሰልፈዋል። አንድ እሑድ መምህሩ ደራቸውን አስገብተው ሊዘጉ አንድ እርምጃ ቀርቷቸው ሳለ፣ በድንገት ቡና ለመጠጣት ቀና አሉ፤ ጎንበስ ሲሉም ሌላ ሰው አንቀሳቀሱ። ጌታዬ ወዲያው ፊላቸውን አዘለሉ፣ ፈርዛቸውን አስከተሉ፣ በመጨረሻም በአንዲት መደቅ መምህሩን ዘጉ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። የተሰነጠቀው ፊል በዚያ ቀን የሠራውን ሥራ ልጅ ለልጅ ይንገረው! ባለሱቁም በተከታዩ እሑድ እንዲሁ ተሸነፈ። እኔም በተራዬ ተሸነፍሁ። ወደዚህ ቤት የሚመጡት እንግዶች እጅግ ብልሆች ናቸው።

ስለ ዳማ አንድ ቃል ልናገር። ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት ሲሄዱ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ካርቶን ላይ በእስክርቢቶ በተሠመረ ሰሌዳ ዳማ ይጫወታሉ። ሠራዊቱ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ወገን ተደፍቶ፣ አንዱ ተጋልጦ ይቆማል። ሊስትሮውም የታክሲ ረዳቱም ዘበኛውም ይቀመጣሉ። ማን የማን ጌታ እንደሆነ አይታወቅም። መብላት ሲገባው ያልበላ አይታለፍም፤ ተመልካቹ ራሱ ይጮኽበታል። ዳር የደረሰ ቆርኪ ይነግሣል፤ ትናንት ከቢራ ጠርሙስ ላይ የተነቀለ! ጌታዬ ይህን ሥርዓት የሌለው አገዛዝ ይሉታል። በዚያ ሲያልፉ ግን ቆመው ማየታቸው አልቀረም።

በጥቅምት ወር የእኅታቸው የልጅ ልጅ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም መጣች። ገና የትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ከፎቁ ልጆች ጋር በቆርኪ ያደገች። ሕጉ በአጭሩ ተነገራት። በዚያ እሑድ ዝናብ ዘንቦ ነበር፣ ቡናውም ቶሎ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ጌታዬ አስጠሩኝ።

«ልጅቷ በወረራ ጊዜ በሁለት እጇ ታንቀሳቅሳለች» አሉ። «ይፈቀዳል?»

የፓንክረስትን ጽሑፍ ገለጥሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውንም አየሁ። «ጌታዬ፣ የሚከለክል አላገኘሁም» አልሁ።

«በደንብ ፈልግ።»

«ፈልጌ ነው፣ ጌታዬ።»

በተከታዩ እሑድ መምህሩ ከጎፋ፣ ባለሱቁም ከሳር ቤት እንደ ልማዳቸው መጡ። ጨርቁ አልተዘረጋላቸውም። ጌታዬ ስልክ አንሥተው ወደ ጀሞ ደወሉ። «ዛሬ አትመጪም ወይ?» አሉ። «አባባ፣ ፈተና አለብኝ» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ። «እሺ የኔ ልጅ፣ አጥኚ» አሉና ስልኩን አስቀመጡ። ባለሱቁ «እኛ እንጫወታ፣ ጋሼ» ቢላቸው፣ «አንተስ ትሸነፋለህ» አሉት፤ ከዚያ ሌላ አልተናገሩም።

ቀኑ ከኅዳር ጽዮን በኋላ ላለው እሑድ ተቆርጧል። መምህሩ ዳኛ ይሆናሉ፤ ከተመልካች ወገን የሚጮኽ እንጂ የሚመክር እንዳይኖር ተወስኗል። በሁለት እጅ ማንቀሳቀስ እንደሚፈቀድ በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ጌታዬ ፈርመውበት፣ ከሰባቱ እርምጃ ሕግ ሥር ተለጥፏል። እንዲህም ተጻፈ።