ሄጌሞኒ፦ የይሁንታ የበላይነት

ሠራተኛው በቁጥር ይበልጣል፤ ፋብሪካውም ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ለምንድን ነው ለአሠሪዎቹ ወገን ድምፁን የሚሰጠው? የብዙ ማርክሲስቶች መልስ አጭር ነበር፤ ወይ ተታልሎ ነው፣ ወይ ፈርቶ። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ግራምሺ በዚህ አልረካም።

የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 እ.ኤ.አ. ያሰረው ግራምሺ፣ በ1929 ወህኒ ቤት ሆኖ መጻፍ ጀምሮ ከሠላሳ የማያንሱ ደብተሮች ሞላ። የደብተሮቹ ቁልፍ ቃል “ሄጌሞኒ” ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ የሩሲያ አብዮተኞችም ወዛደሩ ገበሬውን ስለሚመራበት መንገድ ሲከራከሩ ይጠቀሙበት ነበር። ግራምሺ ግን ገዢው መደብ ራሱ እንዴት ጸንቶ እንደሚቆይ መረመረበት። ፖሊስና ወህኒ ቤት ብቻቸውን አይበቁም። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጋዜጣውና ማኅበሩ የገዢውን አመለካከት የሁሉም ሰው ዕለታዊ ዕውቀት ያደርጉታል። “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” እያለ የሚተርተው ገበሬ አጠገብ ወታደር አልቆመም።

በአማርኛ “የበላይነት” ማለት ብቻውን አያደርስም፤ ወራሪ ጦርም የበላይነት አለው። የፖለቲካ ሰነዶቻችን የለመዱት “የአስተሳሰብ የበላይነት” ይሻላል፤ ሆኖም ጉዳዩን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያስቀረዋል። እኔ “የይሁንታ የበላይነት” እላለሁ፤ ይሁንታ በከንቱ አይገኝምና።

ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረው የባህል ተመራማሪ ስቱዋርት ሆል በ1970ዎቹ መጨረሻ የወግ አጥባቂውን ፓርቲ መሪ ማርጋሬት ታቸርን የተረዳት በሄጌሞኒ ሐሳብ ነው። ሕዝቡ ሞኝ ስለሆነ አልተከተላትም አለ፤ በቢሮክራሲው የተማረረበትን እውነተኛ ብሶት አግኝታ በራሷ ቋንቋ ተናገረችለት እንጂ። መንግሥቷ በ1980 ያወጣውን የቤቶች ሕግ እንይ። በማዘጋጃ ቤት ቤት (የእኛ የቀበሌ ቤት ዓይነት) ቢያንስ ሦስት ዓመት የኖረ ተከራይ ከ33 እስከ 50 በመቶ በሚደርስ ቅናሽ ቤቱን እንዲገዛ ተፈቀደለት። ቤቱ እውነተኛ ነው፣ ቁልፉም በእጁ ነው። ቤቱን ለመግዛት የባንክ ዕዳ የገባ ሰው ግን ሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ሁለቴ ያስባል፤ “የራሴ ንብረት” የሚለውም አነጋገር የፓርቲ መፈክር መሆኑ ይቀርና የእሱ የራሱ ቃል ይሆናል።

የፖለቲካ ፈላስፎቹ ኤርኔስቶ ላክላውና ሻንታል ሙፍ በ1985 ከዚህም አልፈው ሄዱ፦ ይሁንታውን የሚያሰባስበው ኃይል የግድ መደብ መሆን የለበትም አሉ። ነባሮቹ ማርክሲስቶች ይህን ክህደት ብለውታል። ግራምሺን ያለ መደብ ማንበብ ለእኔም ይከብደኛል፤ ግን የሴቶችንና የአካባቢ ጥበቃ ንቅናቄዎችን የፋብሪካው ጭራ አድርጎ ማየትም አላዋጣም።