የሚሰበሰብና የሚመለስ

የዛሬዋን ጭሮ፣ የትናንቷን አሰበ ተፈሪን፣ የጨርጨር ገዥ ሳሉ የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጨርጨርን የአስተዳደር አርአያ ለማድረግ የደከሙት እኒህ ሰው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ። በሥርዐት መሰብሰብን እንግዲህ ያ ምድር ቀድሞ ያውቀዋል። መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስ ወደ ውጭ የሚላክን ቡና በዜሮ ያስከፍላል። የገለምሶን ቡና የሚልክ ነጋዴ በጆንያውና በመጋዘን ኪራዩ ላይ የከፈለው 15 በመቶ፣ ማስረጃ አያይዞ በጠየቀ በ2 ወር ውስጥ እንዲመለስለት አዋጅ ቁጥር 285/1994 አዝዞ ነበር። ላኪዎች ግን ስለ መዘግየቱ ደጋግመው አቤት ብለዋል። ነጋዴው ቢዘገይ ወለድና መቀጫ ይቆጠርበታል፤ ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ሲከርምስ የባንክ ዕዳውን ወለድ የሚከፍለው ማን ነው? ያው ነጋዴው!

አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1341 ተተክቷል። እኔም አዲሱን ስገልጥ አስቀድሜ የፈለግሁት የታክሱን መጠን ሳይሆን የመመለሻውን ቀን ነበር።