ካርዲናል ማን ነው? ወደ ደብረ ታቦር የተጠሩት አቡነ ማስያስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የአንበሳሜና የአካባቢዋ ወጣቶች፣ የሮም ጳጳስ ዐርፎ ሌላ በሚመረጥበት ጊዜ ቀይ የለበሱ አባቶች በቴሌቪዥን በታዩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ካርዲናል ከእኛ ከየትኛው ማዕረግ ጋር ይስተካከላል? ከጳጳስስ ይበልጣልን?» መልሱን ፍለጋ ስልካችሁን ብትከፍቱ ደግሞ ቀይ ወፍ ይወጣላችኋል። የወፉ ነገር አጭር ነውና እርሱን እናስቀድም። የሰሜን አሜሪካ ወፍ ነው። ወንዱ ደማቅ ቀይ በመሆኑ ስሙን ከካርዲናሎቹ ልብስ ወሰደ እንጂ እነርሱ ከወፉ አልወሰዱም። (በአገራችን በክረምት ቀይ ላባ የሚያወጣ ትንሽ ወፍ አለ፤ እርሱን ደግሞ እንግሊዞች «ጳጳስ» ይሉታል!)

ቃሉ ከላቲኑ «ካርዶ» የመጣ ሲሆን የበር ማጠፊያ ማለት ነው። በር በማጠፊያው እንደሚዞር የሮም ቤተ ክርስቲያን ሥራም በእነርሱ ላይ ይዞራል ለማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1059 የወጣ ድንጋጌ የሮምን ጳጳስ በመምረጥ ረገድ ቀዳሚውን ድርሻ ሰጣቸው፤ ዛሬ የሚመርጡት ሰማንያ ዓመት ያልሞላቸው ብቻ ናቸው። ይህ ግን ሹመት እንጂ ክህነት አይደለም። የክህነት መዓርጋት ሦስት ናቸው፤ ዲቁና፣ ቅስናና ጵጵስና። ካርዲናል የሆነ ሰው በቀይ ቆቡ ምክንያት ከኤጲስ ቆጶስ የሚበልጥ የክህነት ሥልጣን አያገኝም።

ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ደብረ ታቦር እንሂድ።

ጉልየልሞ ማሳያ የተባሉ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1846 ሮም ላይ ኤጲስ ቆጶስ ሆነው ተሾሙና ወደ ኦሮሞ ምድር ተላኩ። የአገራችን ሰው አቡነ ማስያስ አላቸው። ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለመከላከል ይከትቡ ነበር፤ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የያዘ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል። የሠሩትን በጎ ሥራ መመስከር ሃይማኖታችንን አያጎድልብንም። የመጡት ግን ሕዝቡን ወደ ሮም ሃይማኖት ለመመለስ መሆኑን ራሳቸውም አልደበቁም። እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ በሸዋ፣ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተከብረው ተቀመጡ።

እ.ኤ.አ. በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ሚስዮናውያንን ማስወጣት ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት አቡነ ማስያስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተጠሩ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። አቡነ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1876 ዐርፈው ነበርና በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ አንድም ጳጳስ አልነበራትም። ከእስክንድርያ አራት ጳጳሳት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ስለዚህ በደብረ ታቦር የቆሙት እንግዳ ቄስ መሾም የሚችሉ፣ እጃቸውን ጭነው ክህነት የሚሰጡ ሰው ነበሩ፤ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ግን ያን ጊዜ ይህን ማድረግ የሚችል አልነበረም። የሱስንዮስ ዘመን ደምም ገና አልተረሳም። እንደ እኔ አስተያየት ዐፄ ዮሐንስን ያሳሰባቸው አንዱ ነገር ይህ የማዕጠንት ሳይሆን የአንብሮተ እድ ሥልጣን ነው። ፍርዱ ከብዷል የሚል ይኖራል፤ መንበሩ ባዶ መሆኑን ሳያስብ ግን ባይፈርድ መልካም ነው።

በእነዚያ ቀናት አቡነ ማስያስ ካርዲናል አልነበሩም። ማዕረጉን ከጳጳስ ሊዮ 13ኛ የተቀበሉት ከተሰደዱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1884 ነው። ስለዚህ «ካርዲናል ከደብረ ታቦር ተባረረ» የሚል ብትሰሙ አርሙት። ያረፉት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1889 ነው፤ ዕለቱም ምዕራባውያን እኛ «ደብረ ታቦር» የምንለውን በዓል የሚያከብሩበት ነበር።

ከአገራችን የካቶሊክ ጳጳሳት መጀመሪያ ካርዲናል የሆኑት ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985። ሁለተኛው፣ ብርሃነየሱስ ሱራፌል፣ በ2015 ተሾሙ። የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ የመጀመሪያውን ስም ሳታውቁት አልቀራችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታተመውን የፍትሐ ነገሥት የእንግሊዝኛ ትርጉም ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።